አሲድ ላይ ውሃ

የሞተች ሴት ስትጠራኝ የሰማሁት ሐረር፣ ፈረስ መጋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሞባይል ጠጋኝ ቤት ቆሜ ነው።

«ቀስ ይበሉ፣ ጋሼ» አለች።

ዞር አልኩ። ከኋላዬ ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ ስልኳን ይዛ ተራ ትጠብቃለች። የስልኩ መስታወት ተሰነጣጥቋል። ከስንጥቁ ስር ሁለት እጆች ይንቀሳቀሳሉ። እጆች ብቻ፤ ፊት የለ፣ አካል የለ። ቀኙ ትንሽ ጠርሙስ ይዞ ብርጭቆ ላይ ያዘነብላል። የአውራ ጣቱ ጥፍር ከመሃል ለሁለት የተተረተረ ነው። ዝቅ ብዬ የራሴን አውራ ጣት አየሁ። እሱው ነው።

ሴትየዋ ከሞተች አርባዋ ካለፈ ሰንብቷል።

«ምነው አባባ፣ አመመዎት?» አለችኝ ልጅቷ። አላወቀችኝም። በየቀኑ በማጸዳው ግቢ የምትማር ልጅ ፊቴን አታውቀውም፤ እጄን ግን በኪሷ ይዛ ትዞራለች። መልስ ሳልሰጣት ወጣሁ፤ ላስጠግነው ያመጣሁትን ስልክ እዚያው ረስቼው።

ሥራዬ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ነው። የቅጥር ደብዳቤዬ «የላቦራቶሪ ረዳት» ይላል። ይህን ያወቅሁት ከተቀጠርኩ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ደብዳቤውን ራሴ ያነበብኩ ቀን ነው። እስከዚያ ዘበኛ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት፤ አይደለህም ያለኝም የለም። ጠረግሁ፣ ብርጭቆ አጠብኩ፣ በር ቆለፍኩ። መምህራኑ ይመጣሉ፣ ዝውውር ጠይቀው ይሄዳሉ። አንዳቸውም «ይህ ጠርሙስ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» ብለውኝ አያውቁም። እኔም አልጠየቅሁም። ማንበብ የማይችል ሰው ከሁሉ በፊት የሚማረው አለመጠየቅን ነው። መነጽሬን ረሳሁ ማለትንም ይማራል። እኔ መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

ጠርሙሶቹን በቀለምና በሽታ ነበር የምለያቸው። አንዱ ሰማያዊው ድንጋይ ነው፤ አንዱ አፍንጫ የሚመታው ነው፤ አንዱ ውሃ መስሎ ጨርቅ የሚበላው ነው።

ያቺ የሞተችው የኬሚስትሪ ቲቸር የመጣችው ከጎጃም ተመድባ ነው። ቀጭን ናት፣ ቁጡ ናት፣ ሐረርን አታውቅም። በግንብ የታጠረው ጁገል ውስጥ በገባች ቁጥር ትጠፋና ትደውልልኛለች።

«ጋሼ፣ አሁንስ የት ነው ያለሁት?»

«ምን ይታይሻል?»

«ግድግዳ።»

«በየት በኩል?»

«በሁሉም በኩል።»

እሷ እርስዎ ትለኛለች፣ እኔ አንቺ እላታለሁ። በዕድሜ እበልጣታለሁ፤ ከዚያ ውጪ በምንም አልበልጣትም ነበር። በሁለተኛው ወር ማንበብ እንደማልችል ደረሰችብኝ። የጠየቀችኝን ጠርሙስ ከማምጣቴ በፊት ክዳኑን ከፍቼ ሳሸተው አየችኝ። አልሳቀችም። በማግስቱ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ላይ በየጠርሙሱ ነጭ ፕላስተር ለጥፋ በአማርኛ ጽፋበት ጠበቀችኝ። «ከእንግዲህ የሚያሸት ሰው እዚህ አይሠራም። አንድ ቀን ሳንባዎ ይቃጠላል» አለችኝ።

ፊደሉን ከፕላስተሩ ላይ አንድ በአንድ አስቆጠረችኝ። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል አሞኒያ ነው። አፍንጫዬ የሚያውቀውን ዓይኔ ደገመው። ዕድሜዬ አርባ ስድስት ነበር። ደስ አለኝ ብዬ አልዋሽም፤ ተናደድኩ። ለካ ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነው? ለካ ማንም በአንድ ዓመት ሊያስተምረኝ ይችል ነበር?

የቪዲዮውን ሐሳብ ያመጣችው እሷ ናት። ሃምሳ ተማሪ አለ፣ ያለው ሰልፈሪክ አሲድ ግን አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቹ ሸምድደው ይፈተናሉ፣ ፈተናው ሲያልቅ ትምህርቱም ያልቃል። «አንዴ ሠርተን እንቅረጸው፤ ከዚያ ሺህ ጊዜ ይዩት» አለች። ስልኳን በብረት መቆሚያው ላይ በላስቲክ ታስራለች። ከሦስት ደቂቃ አታስበልጥም፤ ከሦስት ደቂቃ በላይ ከሆነ ወደ ኳስ ይሄዳሉ ትላለች። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እሠራለሁ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ቁጣዋ መስሎኝ ነበር። ኩላሊቷ መሆኑን ማን ነገረኝ?

አሲድ የማቅጠኑን ቪዲዮ ከመቅረጻችን በፊት በሩን ዘጋችና አንድ ነገር አሳየችኝ። ጥቂት አሲድ ላይ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ ፊቷን አዙራ፣ ከሩቅ አንዲት ጠብታ ውሃ ጣለችበት። ጠብታዋ ስታርፍ የጋለ ዘይት ላይ እንደወደቀች ጮኸች፤ ሽቅብ ተረጨ። ጠረጴዛው ላይ ያረፈው ፍንጣሪ እንጨቱን አጠቆረው።

«ብዙ ውሃ ቢሆንስ?» አልኩ።

«በአንዴ ይፈላና ፊት ላይ ይወጣል።»

«ዓይን ላይ ቢያርፍስ?»

«ዓይን አይኖርማ» አለች። «ስለዚህ ሁልጊዜ አሲዱ ነው ውሃው ላይ የሚጨመረው። በጭራሽ ተገላብጦ አይደረግም።»

ቀረጽነው። ጓንት አልቆ ስለነበር በባዶ እጄ ነው። እኔ ውሃው ላይ አሲዱን በቀጭኑ ሳፈስ ትንሽ ፈጠንኩባት መሰለኝ፣ «ቀስ ይበሉ፣ ጋሼ» አለችኝ። ለተማሪ በሉ፣ በይ፣ በል ነው የምትለው። ይበሉ የምትለው ለእኔ ብቻ ነው። ይቆረጥ አልኳት፤ «አይቆረጥም፣ የትምህርቱ ዋና ነገር እሱ ነው» አለች።

መጨረሻው ላይ በማርከር የተጻፈ ካርቶን ይታይ ተባለ። ማርከሩን ለእኔ ሰጠችኝ።

«አሲዱን ውሃ ላይ ነው የምንጨምረው። አሳጥረው ይጻፉት።»

ሌላ ሰው የሚያነበው ነገር ስጽፍ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ላብ በላብ ሆንኩ። መጀመሪያ የሰማሁት አሲድ ነው፤ አሲድ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሦስት ቃል መሆኑን አውቃለሁ፤ ላይ የምትለው አለች፣ ውሃ የምትለው አለች። «ሃ» የቱ ሃ እንደሆነ ሳስብ ብዙ ቆየሁ። ጨርሼ ሰጠኋት። ካርቶኑን ወደ መስኮቱ አዙራ ፊደል በፊደል አየችው፤ የአንደኛ ክፍል ደብተር እንደምታርም መምህርት።

«አንድ ፊደል አልተሳሳቱም!» አለች። «አንድም!»

እውነቷን ነው። ፊደሉ ሁሉ ልክ ነበር። ካርቶኑን አነሳሁ፣ እሷም ከስልኩ ጀርባ ሆና፣ «ይኸው፣ ጋሼ ራሳቸው ናቸው የጻፉት» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበረበት። በቃ፣ ተቀረጸ።

ከአሲዱ ጥቂቱን በአራት ትንንሽ ጠርሙስ ከፍላ፣ ከአራት የስልክ ሚሞሪ ካርድ ጋር፣ ላቦራቶሪ ለሌላቸው አራት የገጠር ትምህርት ቤቶች ላከችው። ከዚያ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄደች። አልተመለሰችም። እኛ ለሙስሊም የምንለው አለ፤ ለእሷ ምን እንደምል ስላላወቅሁ አላህ ያውቅልሻል አልኩ።

ከፈረስ መጋላው ቀን በኋላ ድምፅዋ በየቦታው ይጠብቀኝ ጀመር። ከታክሲ ውስጥ ሰማሁት። አንድ ከሰዓት ከፈላና በር ወደ ውስጥ በጠባቡ መንገድ ስሄድ፣ ፊት ለፊቴ ማንም የለም፣ ከኋላዬ ማንም የለም፤ ከግድግዳው ውስጥ «ቀስ ይበሉ፣ ጋሼ» አለችኝ። ቆምኩ። ከግንቡ ማዶ የሚያጠና ተማሪ እንዳለ አውቃለሁ። ማወቄ ግን እግሬን አላንቀሳቀሰውም። ምን ይታይሻል ብዬ የምጠይቃት እኔ ነበርኩ፤ አሁን ግድግዳ ብቻ የሚታየኝ እኔ ነኝ።

ተማሪዎቹ ደግሞ መቀለጃ አደረጉት። በሩጫ የሚያልፍ ካለ «ቀስ ይበሉ፣ ጋሼ!» ይሉታል። ጋሼ ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ለሚስቴ ስነግራት፣ «እጅህ የሰይጣን ቤት ሆኗል፣ ውዱእ አድርግ» አለችኝ። አደረግሁ። እጅ በውሃ ከቪዲዮ አይወጣም።

እኔ ቪዲዮውን ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አላየሁትም ነበር። ያየሁት በክፍል ውስጥ ባለው ፕላዝማ ነው። ድምፁ ተበላሽቶ ምስል ብቻ ቀርቷል፤ ተማሪዎቹ ምሳ ሲወጡ ሳይዘጉት ሄዱ። መጥረጊያዬን ይዤ ቆምኩ። እጆቼ መጡ። ያለ ድምፅ ሲታይ አስፈሪ ነገር ነው፤ ሁለት ብርጭቆ፣ በሁለቱም ውሃ የመሰለ ነገር። የትኛው አሲድ የትኛው ውሃ እንደሆነ እኔ ራሴ፣ ያፈሰስኩት ሰው፣ ማወቅ አልቻልኩም። ከዚያ ካርቶኑ መጣ። ጽሑፌ ቴሌቪዥን ላይ! ደረቴ ሞላ። ልድገመው ብዬ ተጠጋሁና በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ።

አሲድ። ላይ። ውሃ።

ላይ ያለው ማን ነው? ታች ያለው ማን ነው? ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት ጊዜም አሲዱ ታች ነበር፤ ውሃውም ከላይ ይመጣ ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ሁለት ወር። ምክንያቴን በግልጽ ልጻፍ፦ አፈርኩ። ዘበኛው ጻፈ፣ ዘበኛው ተሳሳተ፣ ሙት አዋረደ ይሉኛል ብዬ ነው። ድምፁ የሚሠራ ስልክ ያለው ሰው ከድምፅዋ ይሰማል፣ ትክክሉን ትናገራለች ብዬ ራሴን አታለልኩ። አሲዱን የቆለፍኩበት ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው ብዬም ራሴን አታለልኩ። አራቱን ትንንሽ ጠርሙሶች ማሰብ አልፈለግሁም።

የኬሚስትሪ መምህር ስላልተገኘ የሒሳብ መምህር ተተካ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። አንድ ጠዋት አሲዱን ጠየቀኝ።

«ምን ሊደረግ?» አልኩ።

«ለማሳየት ነው፣ ጋሼ። ቪዲዮ አለ፤ እሱን ተከትለን ነው የምንሠራው።»

ፈረመልኝ፣ ሰጠሁት። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። የተማረ ሰው ነው፣ ያውቃል አልኩ። በሕይወቴ ሙሉ የተማረ ሰው ያውቃል እያልኩ ነው የተጎዳሁት፤ ያን ቀንም ደገምኩት።

ውጪ ቧንቧው ጋ ብርጭቆ እያጠብኩ ሳለ በመስኮቱ ድምፁ መጣ።

«ምን ይላል?» መምህሩ ነው።

«አሲድ ላይ ውሃ!» ሃምሳ ልጅ በአንድ አፍ።

«ድገሙት!»

«አሲድ ላይ ውሃ!»

ስህተትህን ሃምሳ ልጆች በዜማ ሲያነቡልህ ሰምተህ ታውቃለህ? ጽሑፌን ሰዎች እንዲያነቡልኝ ነበር የተመኘሁት። ይኸው አነበቡልኝ። እጄ ውስጥ የነበረው ብርጭቆ የት እንደወደቀ አላውቅም። ሮጥኩ።

በሩን ስከፍት ያቺ ስልኳ የተሰነጠቀው ልጅ ጠረጴዛው ጋ ቆማለች። አሲዱ በብርጭቆ ፊት ለፊቷ ነው፤ ውሃ የሞላ ኩባያ በእጇ ይዛ ከፍ አድርጋለች። አንገቷን አስግጋ በደንብ ለማየት ብርጭቆው ላይ ጎንበስ ብላለች። እኔና እሷ መካከል አራት ረድፍ ዴስክ አለ። ልጮህ ስል ድምፄ እምቢ አለ። እየሮጥኩ ከዴስክ ጋር ስጋጭ፣ ከኋላ ወንበር አንዱ ቀልደኛ ጮኸ፦

«ቀስ ይበሉ፣ ጋሼ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷም ሳቀችና ለማየት ዞረች። ኩባያው አየር ላይ ቆመ።

ያ ቃል የእሷ ነው። ለእኔ ብቻ የተባለ ቃል ነው። ያን ቀን በሌላ ሰው አፍ መጥቶ የልጅቷን እጅ ያዘው። እኔ እንዲህ ነው የማምነው፤ የማያምን አያምን።

ኩባያውን ከእጇ ነጠቅሁ። የት እንደማስቀምጠው ስላልታየኝ ውሃውን ጠጣሁት።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ትምህርት ላይ ነን እኮ» አለ መምህሩ።

«ጽሑፉ ተገልብጧል። አሲዱ ነው ውሃው ላይ የሚሄደው። እንዲህ ብታፈስ ዓይኗ ይጠፋ ነበር።»

ስክሪኑን አየ። «የቲቸር ጽሑፍ ነው እኮ። የሞተ ሰው እናርማለን?»

«የእሷ አይደለም» አልኩ። «የእኔ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ጠመኔ አንስቼ ተማሪ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦ ውሃ ላይ አሲድ። «ላ» ተንጋደደብኝ። ልጅቷ ሰሌዳውን ሳይሆን እጄን ነበር የምታየው።

«እጁ…» አለች ቀስ ብላ። «አባባ፣ የእርስዎ እጅ ነው እንዴ?»

«ነው።»

በዚያው ቀን መምህሩና እኔ ቪዲዮውን ይዘን ፈረስ መጋላ ሄድን። ጠጋኙ ካርቶኑ የሚታይበትን ዘጠኝ ሰከንድ አገኘው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አጫወተው። «ይኸው፣ ጋሼ ራሳቸው ናቸው የጻፉት።» እኔ መሆኔን የሚናገር በዓለም ላይ ያለ ምስክር ያ ብቻ ነው። እሷ ስትስቅ የተቀረጸበትም ያ ብቻ ነው።

«ይህቺ ልትቆረጥ ነው? ድምፅዋ ደስ ይላል እኮ» አለ ጠጋኙ።

«ቁረጠው።»

ቆረጠው። ልጆቹ በየስልካቸው የያዙትን ደግሞ መምህሩ አንድ በአንድ እያስመጣ አስለወጠ። የቀሩት አራቱ የገጠር ትምህርት ቤቶች ናቸው። ስልክ ደወልን፤ አንዱም አላነሳም። ስለዚህ ሄድኩ። የመጀመሪያው ሚሞሪውን ጥሎታል፤ ጠርሙሱን ተቀብዬ ተመለስኩ። ሁለተኛው ከነጭራሹ ሳይከፍተው ሣጥን ውስጥ ነው። ሦስተኛው ጋ መምህሩ ኬሚስት ነበር፤ ካርቶኑን አይቶ ስቋል፣ ተሳስተዋል ብሎ ለመንገር ግን አልደወለም። የተማረ ሰው ያውቃል ያልኩት ይሄ ነው።

አራተኛው ከሐኪም ጋራ ጀርባ፣ የጫት ማሳ መሃል ነው። ሁለት ክፍል፣ አንድ ዛፍ። መምህሩ ከበር ወጥቶ ተቀበለኝ። ስለ ቪዲዮው ነው የመጣሁት ስል ፊቱ ተለዋወጠ።

«ጋሼ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«ማን ነገረህ?»

«ልጆቹ አሲዱን አንነካም አሉኝ። ሴትየዋ ጋሼን ነው የምታዘው፣ ጋሼ የሚባለው ሰው ካልመጣ ማንም እንዳይነካ ማለቷ ነው ብለው እምቢ አሉ። ስህተት ነው፣ ጋሼ ማለት ማንም ትልቅ ሰው ነው አልኳቸው። አልሰሙኝም። ያው አምስት ወር ሙሉ ሲጠብቁዎት ነበር።»

ጠርሙሱን ከመስኮቱ ላይ አነሳልኝ። አቧራ ለብሷል፤ ክዳኑ እንደታሸገ ነው። ልጆቹ ገብተው ተቀመጡ፤ በኦሮምኛ አንዷ ለሌላዋ «ዱፌ» ስትል ሰማሁ፤ መጣ ማለቷ ነው። እንደ ጅን ነበር ያዩኝ። ምናልባት ነኝ።

መምህሩ ስልኩን ከፈተ። ድምፁ ይሠራል። ጠረጴዛው ላይ ውሃው በትልቅ ብርጭቆ፣ እኔ ጠርሙሱን ይዤ ቆሜያለሁ። በስልኩ ውስጥ እጄ ያዘነብላል፣ ከስልኩ ውጪ እጄ ያዘነብላል። ሁለቱ አውራ ጣቶች አብረው ሄዱ። ውሃው ላይ አሲዱ ሲያርፍ ብርጭቆው ከስሩ ሞቀ። የትኛው እጅ የትኛውን እንደሚከተል ግራ ገባኝ፤ ትንሽም ፈጠንኩ።

«ቀስ ይበሉ፣ ጋሼ» አለች።

ቀስ አልኩ።

ሲያልቅ ካርቶኑ መጣ፤ ያልተቆረጠው፣ የቀረው የመጨረሻ ቅጂ። ይኸው፣ ጋሼ ራሳቸው ናቸው የጻፉት። ልጆቹ ወደ እኔ ዞሩ። ስልኩን ከመምህሩ ተቀበልኩ። የምጫነውን እንዲያሳየኝ ስነግረው «ላጥፋልዎት?» አለ። አይሆንም አልኩት፤ ቦታውን ብቻ አሳየኝ። ስልኩ በአማርኛ ጠየቀኝ፦ ይሰረዝ?

ፊደል በፊደል አነበብኩት። አልተሳሳትኩም። አዎ የሚለውን ተጫንኩ።